ስጋት ስንት ኩንታል ይመዝናል?

በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየዕድሩና በየቤተ ዘመዱ ለሌላው ሁሉ እንዲሰጋ የተመደበ አንድ ሰው አይጠፋም። በጥር ፀሐይ «ድንገት ቢዘንብስ» ብሎ ጃንጥላ ይዞ የሚወጣው እሱ ነው። ሠርግ ቤት ገብቶ የሙሽራዋን እናት «ወጡ ይበቃል ግን?» ብሎ የሚያስደነግጠውም እሱ ነው። ሲመጣ ይሳቅበታል፤ ሲቀር ደግሞ «ምነው ዛሬ የለም?» ይባላል።

የጎንደሩ ኢንጂነር ስማቸው የዚህ ማኅበር ሊቀ መንበር ናቸው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ፒያሳ ላይ፣ ካንድ ካፌ በላይ ባለች ጠባብ ቢሮ የሕንፃ ብረት ክብደት ያሰላሉ። ክቡርነታቸው ወደ ቢሮው ሲወጡ እያንዳንዱን ደረጃ በእግራቸው መታ መታ አድርገው ይፈትሹታል፤ ደረጃውን ያሠሩት ራሳቸው ናቸው። ኮምፒውተሩን ሲከፍቱ ያማትባሉ፣ ሲዘጉትም ያማትባሉ። ቁጥር ሲቀርብላቸው ዓይናቸውን ጨፈን ያደርጉና «ለማንኛውም ትንሽ እንጨምርበት» ይላሉ። ከዚህ የተነሳ በሌሉበት የሚጠሩት «ጋሽ ለማንኛውም» ተብለው ነው።

አብራቸው የምትሠራው ወጣቷ መሐንዲስ ራቢዓ ግን የምታምነው ኮምፒውተሩን ነው። ሕንፃው መሬት ላይ ሳይቆም በፊት በኮምፒውተሩ ውስጥ ሙሉውን ትሠራዋለች። እያንዳንዱ ብረት በልኩና በቦታው ይገባል፤ ኮምፒውተሩም የብረቱን ልክ ከዓይነቱ ጋር አስልቶ ክብደቱን ይነግራታል።

«ጋሼ፣ ማሽን እኮ አይረሳም» ትላቸዋለች።

«አይረሳም። ያልነገሩትን ግን ከየት ያመጣዋል?»

በ2008 ዓ.ም. ግንቦት ላይ የድብ ባሕር ገበሬዎች ማኅበር ላሠራው የእህል መጋዘን የጣሪያው ተራ ደረሰ። ግድግዳው አልቋል። ለዘር የተቀመጠው ገብስና ስንዴ ግን ሸራ ለብሶ ሜዳ ላይ ተከምሯል፤ በተራራው በኩል ደግሞ ሰማዩ መጥቆር ይዟል። የቀረው ጣሪያውን የሚሸከሙትን ትልልቅ ብረቶች በክሬን ማንሳት ነበር። ክሬኑ በኪራይ ከጎንደር መጣ፤ ስማቸውና ራቢዓም ተከትለውት ወጡ።

የክሬኑ ኦፕሬተር ጃቢር የተሰጠውን ወረቀት አንብቦ ለራቢዓ መለሰላት።

«አንዱ ብረት ሃምሳ አምስት ኩንታል? እህቴ፣ ይቺ ክሬን ግድግዳው ሥር፣ ለስላሳው አፈር ላይ፣ ተጠግታ ብትቆም እንኳ ከሃምሳ አታልፍም። እዚያ ደረቁ መሬት ላይ ከራቀች ደግሞ ክንዷ ይረዝማል፣ አቅሟ ያንሳል፤ አርባ ሦስት ብቻ ነው። ከዚያ ካለፈ እኔም፣ ክሬኗም፣ ብረቱም አብረን ነው የምንተኛ።»

የገበሬዎቹ ማኅበር ሊቀ መንበር አያ አድማሴ ጋቢያቸውን ሰብስበው ቀረቡ። «ምነው ልጄ፣ ዝናቡም እንደናንተ ላስብበት የሚል መሰለሽ?»

ራቢዓ ወረቀቱን ደግማ አየችው። ኮምፒውተሩ የነገራት አርባ አንድ ኩንታል ነበር። ጋሼ መጨመራቸው እንደማይቀር ስለምታውቅ፣ እንዲተዉላት ብላ ቀድማ ካሥር አንድ ጨመረችበት። እሳቸውም እንደ ልማዳቸው ካሥር አንድ ጨመሩ። ብረቱን በይዶ የጭነት ወረቀቱን ለጻፈው ለአብዱልጀሊል ጎንደር ስትደውልለት ደግሞ «ኧረ እኔ ትንሽ ነው የጨመርኩት፣ ለማንኛውም ብዬ!» አላት። አንዱ ለሌላው አልተናገረም። ለካ ክሬኗ አንሺ የተባለችው ብረቱን ብቻ ሳይሆን የሦስት ሰው ስጋትም ጭምር ነው!

«ጋሼ፣ የጨመርነውን ሁሉ እናውርደው» አለች። «አርባ አንድ ነው። ጃቢር እዚያው ደረቁ ላይ ቆሞ ያንሳው።»

ለስማቸው ጭማሪ የሌለው ቁጥር ማለት ያለ ልብስ አደባባይ የወጣ ሰው ማለት ነው።

«ላፕቶፑን ክፈችልኝ» አሉ።

መኪናው ውስጥ ተቀምጠው የብረቱን ክፍል አንድ በአንድ ያስከፍቷት ጀመር። ጃቢር በመስኮቱ ብቅ ብሎ «ጋሼ፣ ቡሎኑንም ስም ሊያወጡለት ነው?» አለ። አያ አድማሴ አንዴ ሰማዩን፣ አንዴ ሸራውን ያያሉ። የራቢዓ ትዕግሥት አለቀ።

«ይቺስ?» አሉ ስማቸው፣ ሁለት ብረቶች የሚገናኙባትን ወፍራም ላሜራ እያሳዩ።

ተጫነቻት። ክብደቷ ዜሮ ይላል።

ቀጥሎ ያለችውንም ነካች። ዜሮ። ሁሉም መገጣጠሚያ ላሜራዎች እንደዚያው ናቸው። ላሜራዎቹን በልካቸው ስላ በቦታቸው አስገብታ ነበር፤ ከምን እንደተሠሩ የሚሞላበትን ቦታ ግን ባዶ ትታዋለች። ኮምፒውተሩም ከምንም ያልተሠራን ነገር ምንም አይመዝንም አለ።

«ብረት» ብላ ሞላች። ድምሩ ተቀየረ፤ አርባ ስድስት።

ቀና ብላ ደረቁን መሬት አየች። ቢበዛ አርባ ሦስት የሚነሳበት ቦታ ነው። እዚያ ጋ ገበሬዎቹ ክሬኗን ለማየት ተሰብስበው ይሳሳቃሉ። እሷ እንዳለችው ቢሆን ኖሮ አሁን ክሬኗ ሰው ላይ በተገለበጠች ነበር።

ስማቸው አልተቆጧትም። ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ አማተቡ። ራቢዓ ያቺን የታወቀች ቃል ጠበቀች።

«አርባ ስድስት» አሉ። ሌላ አልጨመሩም።

ከዚያ በኋላ ማን ይቻላቸው! ክሬኗ ወደ ግድግዳው እንድትጠጋ ለስላሳው አፈር ላይ ወፍራም ጣውላ አስነጠፉ። ሰውን ሁሉ፣ አያ አድማሴን ሳይቀር፣ እንደ ጥጃ እየነዱ ከማዶ አደረሱ። ብረቱ ከመሬት ሲለቅ ራቢዓ «ቢስሚላህ» አለች፤ እሳቸው «እመቤቴ» አሉ። ወጣ፣ ዞረ፣ ቦታው ላይ ዝግ ብሎ ተቀመጠ።

«የክሬኗ መለኪያ አርባ ስድስት ተኩል ይላል!» ብሎ ጮኸ ጃቢር።

«መንጠቆውን ጨምሮ ነው?» አሉ ስማቸው።

ጃቢር ከነክሬኑ የሳቀ መሰለ። አያ አድማሴ «ሸጋ! እንግዲህ ይዝነብ» አሉና የቀሩትን ብረቶች ሲያዩ ደነገጡ፤ «ኧረ ዛሬስ አይደለም፣ ጌታዬ!»

የመጨረሻው ብረት ቦታው ከገባ በኋላ ሲመለሱ፣ መንገድ ላይ ራቢዓና ስማቸው ተስማሙ። ከዚህ በኋላ ሁሉም ሰው እርቃኑን የወጣ ቁጥር ያቀርባል፤ መስጋት የሚፈቀደው ላንድ ሰው ብቻ ነው፤ ያም ሰው የታወቀ ነው። ስማቸው ሹመቱን በትሕትና ተቀበሉ።

ራቢዓ ቤቷ ገብታ የመግሪብ ሶላቷን እንደጨረሰች ስልኳ ጠራ።

«ገባሽ?»

«ገባሁ፣ ጋሼ። አልሐምዱሊላህ።»

«በሩን ቆልፈሻል?»

«ቆልፌያለሁ።»

«ተመስገን። ለማንኛውም ደግመሽ እዪው።»

ስልኩን ዘግታ ብቻዋን ሳቀች። ከእናቷ ሌላ እንዲህ የሚሰጋላት ሰው እንዳላት እስከዚያ ቀን ልብ አላለችውም ነበር። በሩን እንደቆለፈችው እርግጠኛ ናት።

ተነሥታ ሄዳ አየችው።