ጋሽ ሰይድ በቀን ያስመሹት ጨዋታ

ሰው አገሩን ለቆ ሲወጣ ዕቃ ይመርጣል። ይህን ልያዝ፣ ያን ልተው እያለ ሲያገላብጥ ያድራል። ሳይመርጠው አብሮት የሚሄደው ግን ጨዋታው ነው። ድስቱ መንገድ ላይ ይሰበራል፣ ጋቢው ያልቃል፤ ጨዋታ ምን ይሆናል? ይህን ያወቅሁት ተምሬ እንዳይመስላችሁ። እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ የረገጥሁት ልጆቼን ላስመዘግብ ነው። ያስተማሩኝ ቻይኖች ናቸው። አትሳቁ፣ ልነግራችሁ አይደል?

የልጅ ልጄ ቤዛ ኮሌጅ ትማራለች። ባለፈው ሳምንት እሑድ ፍላሿን ቴሌቪዥኑ ላይ ሰክታ ዘጋቢ ፊልም ከፈተችልኝ። ድራማዬን አቋርጣ መሆኑን ልብ በሉልኝ። ፊልሙ ባሕር ተሻግረው ሰው አገር ስለገቡ ቻይኖች ነው። የሰው ልብስ ያጥባሉ፣ ምግብ ቤት ሳህን ያጥባሉ፣ ኑ ግቡ የሚላቸው የለም። የዕረፍታቸው ቀን ሲደርስ ግን ከሕንፃ ሕንፃ ገመድ ወጥረው፣ ዘጠኝ ዘጠኝ ሆነው፣ አስፋልቱ ላይ መረብ ኳስ ይጫወታሉ። ሽማግሌዎቹ ዳር ላይ ወንበር ይዘው ይሳደባሉ። ቋንቋቸውን አልሰማሁም፤ ስድብ መሆኑን ከእጃቸው አወቅሁ። የልጅ ልጆቻቸውም እስከ ዛሬ እዚያው መንገድ ላይ ይጫወታሉ።

«እቴቴ፣ ፊልሙን ወደድሽው?» አለችኝ ቤዛ።

«የእኛን ሰፈር ነው የሰረቁት» አልኋት።

እኛም እኮ ስደተኞች ነበርን። የባሕር ዳር ሰው እንዳይቀየመኝ! የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ከየአገሩ ለቃቅሞን፣ አንዱ መካኒክ ከድሬዳዋ፣ አንዷ ፈታይ ከወሎ፣ እኔ ደግሞ ከይፋግ። ይፋግ ምን ስደት አለው ትሉ ይሆናል። ሐይቁን ዞራችሁ፣ እናታችሁን ትታችሁ ኑና ያኔ እንነጋገራለን። ከፈረቃ ስንወጣ የሚጠብቀን ዘመድ የለም፤ ኳስ ግን ነበረን። ያልነበረን መረብ ነው። እሱን የሚሰጡን ጎረቤታችን ዓሣ አጥማጁ ጋሽ ሰይድ ነበሩ። የዓሣ መረባቸውን አጣጥፈን ገመድ ላይ እንሰቅልና ከመብራት እንጨቱና ከዋርካው ጋር እናስረዋለን። ላባችን ዓሣ ዓሣ ይሸት ነበር፤ ማንም ግን አልተጸየፈም።

መረቡ ታዲያ ሥራ ነበረበት። ማታ ሐይቅ ላይ ይጣላል፣ ጠዋት ይነሣል። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ጋሽ ሰይድ ይመጣሉ፤ ጨዋታው ቢጦፍ፣ ኳሷ ሰማይ ላይ ብትሆን፣ ማንንም አይሰሙም። ፈትተው፣ ትከሻቸው ላይ ጥለው ይሄዳሉ። ያን ጊዜ የመራ አሸነፈ ማለት ነው። ሕጋችን ይኸው ነበር። ታዲያ የሚመራው ወገን ምን ያደርጋል? «ጋሽ ሰይድ፣ ኧረ መሸ!» ብሎ ይጣራል። የሚመራውም፣ የሚከተለውም ሰማይ ሰማይ እያየ ይጨቃጨቃል። በዚህ ነገር የምትበልጠን ሚስታቸው ዘይነባ ነበረች። የታችኛው ሰፈር ተጫዋች ናት፤ እኔ የላይኛው። እሷ መሸ ካለች ጋሽ ሰይድ ፀሐይዋን ቀና ብለውም አያዩ!

አሁን ዋርካውም ተቆርጧል። ጋሽ ሰይድም እምቦጭ የሚሉት አረም ሐይቁን ወርሮ መረባቸውን ካስቸገራቸው ወዲህ ታንኳቸውን ለወንድማቸው ልጅ ሰጥተው ቤት ዋሉ። ዘይነባ «ሰውዬው እያለቁብኝ ነው» ትለኛለች። «መስጊድ ደርሰው ይመጣሉ፣ ከዚያ ግድግዳውን ነው የሚያዩት። ቢቆጡኝ እንኳ በወደድሁ።»

ፊልሙ ላይ እነዚያን ተሳዳቢ ሽማግሌዎች ሳይ ነው ነገሩ የበራልኝ። በማግስቱ ሄጄ «ጋሽ ሰይድ፣ መረብዎን ያውሱኝ፤ ልጆቹ ሊጫወቱበት ነው» አልኋቸው።

«ይበጥሱብኛል።»

«እንግዲያው መጥተው ይጠብቁዋ።»

ግድግዳውን ብዙ አዩት። ከዚያ «ወንበር አለ?» አሉኝ።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ጀመርን። ልጆቹ የላይኛውና የታችኛው ሰፈር ተብለው ዘጠኝ ዘጠኝ፣ እንደ ቻይኖቹ፤ እኔና ዘይነባ ዳር ላይ። መንገዱ አሁን ኮብልስቶን ነው፤ ባጃጅ ሲመጣ መረቡን ከፍ አድርገን እናሳልፋለን፣ አንዱ ባለ ባጃጅ ግን አላልፍም ብሎ ወርዶ ተሰለፈ። ቤዛ ተጫዋች ቦታ እየተቀያየረ መዞር አለበት ብላ ተሟገተችኝ። ለምን ይዞራል? ረጅሙ ፊት፣ ወፍራሙ ኋላ፤ እኛም ቻይኖቹም የተስማማንበትን ነገር ልታፈርስ!

ጋሽ ሰይድ ወንበራቸው ላይ ሆነው መረቡን ብቻ ያያሉ። ዘይነባ እኔን ታየኛለች፣ እኔ እሷን። ድንገት፣ «አንተ ረጅሙ! እጅህን ለሰላምታ ነው እንዴ የዘረጋኸው?» ሲሉ ሰማናቸው። ዘይነባ በሻርቧ አፏን ሸፈነች። ከዚያ ማን ያስቁማቸው! ባለ ባጃጁን «መሪ እንጂ ኳስ አልጨበጥህም» አሉት፤ ቤዛዬን እንኳ አልማሯት።

የታችኞቹ በአንዲት ነጥብ ይመሩናል። ኳሷ በእኛ እጅ ናት፤ ብትገባ እኩል። በዚያች ሰዓት ዘይነባ ወደ ባሏ ጆሮ ጎንበስ ስትል አየኋት።

«ዘይነባ! አላህን ፍሪ! ገና አሥር ሰዓት ነው!» ብዬ ጮህሁ።

ማን ሰምቶኝ። ጋሽ ሰይድ ተነሡ፣ ቋጠሮውን ፈቱ፣ መረቡን ትከሻቸው ላይ ጣሉ። ዘይነባ እየሳቀች ነበር። ሰውዬው ግን የቤታቸው በር ጋ ሲደርሱ አልታጠፉም። በሩን አልፈው ቁልቁል ወደ ሐይቁ ወረዱ። ሳቋ ቆመ።

«ኧረ ታንኳ የላቸውም!» አለችኝ ክንዴን ይዛ።

«የወንድማቸው ልጅ አለው። ተያቸው» አልኋት። እኔም ግን እጇን አልለቀቅሁትም።

በማግስቱ ጠዋት ዘይነባ በሳህን ዓሣ ይዛ ደጄ መጣች። አንድ ቆሮሶ፣ መዳፌን የማትሞላ። መረቡ የያዘው ሌላው ሁሉ እምቦጭ ነው አለችኝ። ሰውዬውም ደጅ ተቀምጠው እምቦጩን ከመረቡ እየለቀሙ፣ እሱን፣ ታንኳውን፣ እሷንም ጭምር እየተሳደቡ ነው። ይህን ስትነግረኝ ፊቷ እንዴት እንደሚያበራ ብታዩ! በመጨረሻ ሳህኑን ሰጠችኝና፣ «ለተሸነፈችው ስጫት ብለውኛል» አለች።

ዓሣዋን በላኋት፤ ትጣፍጣለች። ሽንፈቱን ግን አልዋጥሁትም። ለፊታችን ቅዳሜ ወንበሬን ከጋሽ ሰይድ ጎን አድርጌያለሁ። የመጀመሪያዋን ነጥብ እኛ እናግባ ብቻ፤ ፀሐይ አናት ላይ ብትሆንም ይመሻል።