የአያ ታከለ የሕንድ ሕክምና

ወፍራም ሆናችሁ ጎንደር ኖራችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ኖሬያለሁ። ቦርጬ የእኔ መሆኑ ቀርቶ የሰፈሩ ጉዳይ ሆኗል፤ ያየው ሁሉ ሐኪሜ ነው።

ከሁሉም የሚያበሽቁኝ ግን የባለቤቴ አጎት፣ ድብ ባሕር የሚኖሩት አያ ታከለ ናቸው። አዩርቬዳ የሚባለውን የሕንድ ሕክምና በስልካቸው ካዩ ወዲህ ሰላምታ ትተው የሰው እጅ ይዘው ትርታ ያዳምጣሉ። የማኅበር ድግሳቸው ላይ የእኔንም አዳመጡና በሰው ፊት ፈረዱብኝ።

«ሕንዶቹ ካፋ የሚሉህ ነህ! ከባድ፣ ቀዝቃዛ፣ ሰነፍ ሰውነት! እራት ተው፣ ዝንጅብል በሙቅ ውኃ ጠጣ፣ በእግርህ ሂድ!»

ደሜ ፈላ። ግን የደም ግፊቴም አስፈርቶኝ ነበርና ያሉትን ሁሉ አደረግሁ። ለወራት በባዶ ሆዴ ተኛሁ። ባጃጅ እርም አልሁ። ሱሪዬ ያለ ቀበቶ አልቆም አለ፤ ግፊቴም ወረደ።

ታዲያ ምስጋና ይዤ በሌላ ድግሳቸው ቀን ድብ ባሕር ብሄድ፣ አያ ታከለ ገና ሲያዩኝ አማተቡ።

«ምነው ልጄ! እንዲያ ሸጋ የነበርኸው፣ ምን ነካህ?»

«እርስዎ ያዘዙኝን ነዋ ያደረግሁት!»

ማን ሰምቶኝ! ትርታዬን እንደገና ያዙ፤ በሌላው እጃቸው ቅቤ የሚያንጠባጥብ ጉርሻ ጠቀለሉ።

«በሞቴ! ቅቤም እኮ በሕንዶቹ ዘንድ መድኃኒት ነው።»

«አልበላም አልሁ እኮ!» ብዬ ጮህሁባቸው።

አያ ታከለ ጉርሻውን እንደያዙ ወደ እንግዶቹ ዞሩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አያችሁ? እህል አልወርድ ብሎታል።»

ቤቱ ሙሉ ሰው፣ በቁሜ ከንፈሩን መጠጠልኝ።