የባሌን አወራወር ያሳመርኩ ጊዜ

ሃምሳን ያለፈ ወንድ ሁሉ ቤቱ ውስጥ ማንም እንዳይነካበት የሚፈልገው አንድ ነገር አለው። የአንዱ ሬዲዮ ነው፤ የአንዱ መላጫ፤ የአንዱ ደግሞ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የማይተኩስ ጠመንጃ። ይህን ሁሉ እረዳለሁ። የእኔ ባል የአያሌው ግን የአንድ የሌለ ሰው አወራወር ነው።

ላስረዳ። አያሌው ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ነድቶ ጡረታ ሲወጣ፣ ባሕር ዳር የምትሠራው ልጃችን «አባዬ ቤት ውሎ እንዳይሰለቸው» ብላ ከቴሌቪዥን ጋር የሚገናኝ የጌም ማሽን ላከችለት። አብሮት የመጣው ጨዋታ ቅርጫት ኳስ ነው። እውነትም አልሰለቸውም። የሰለቸኝ እኔን ነው።

በዚህ ጨዋታ ሰው መጀመሪያ የራሱን ተጫዋች ይፈጥራል። አያሌው የፈጠረው ሰውዬ ሁለት ሜትር ከአምስት ይሆናል፤ ጸጉሩም ሙሉ ነው። የፈጣሪውን ቁመትና ጸጉር ለጊዜው እንተወው። ታዲያ ይህ ዘንካታ ሲፈጠር ምንም አያውቅም። አሯሯጡ፣ አዘላለሉ፣ አወራወሩ፣ ካገባ በኋላ ደረቱን የሚነፋበት ሁኔታ ሳይቀር በየዓይነቱ ተደርድሮ እያንዳንዱ ላይ ጓጉንቸር ተሥሎበታል። ጓጉንቸሩ የሚከፈተው ብዙ ግጥሚያ ተጫውቶ ደረጃው ከፍ ሲል ነው። እስከዚያ ለሁሉም በነጻ በታደለው አወራወር ይወረውራል፤ እሱም ውሻ በድንጋይ እንደማባረር ያለ ነው።

አያሌው በዚያ ነበር የሚወረውር። ያስጠላል። ግን ይገባለታል።

አንበሳሜ ከተማ የሚኖር ስመኘው የሚባል ጓደኛ አለው። ተማሪ ሳሉ አብረው ቅርጫት ኳስ ተጫውተዋል፤ ማለትም ስመኘው ተጫውቷል፣ አያሌው ልብስ ጠብቋል። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ስመኘው በሚኒባስ ይመጣና ሁለቱ ሽማግሎች ጫማቸውን አውልቀው ቴሌቪዥኑ ፊት ይፋለማሉ። አያሌው አንድም ቀን አሸንፎት አያውቅም። በቅርቡ ግን ልዩነቱ እየጠበበ መጥቶ «ይኸን ቅዳሜ አለቀለት» ማለት ጀምሮ ነበር። ሲበላም ሲጸልይም የሚያስበው ይህንኑ ነው።

እኔም አሰብኩለት። ጥፋቴ ይኸው ነው።

አያሌው ይፋግ ከተማ ለቅሶ ሄዶ ሦስት ቀን ሲሰነብት መነጽሬን አድርጌ ጆይስቲኩን አነሣሁ። እኔ ማንበብ የለመድኩት ስኳር ከሚጠቀለልበት ወረቀት ላይ ነው፤ ስለዚህ የተጻፈ ነገር አላልፍም። የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ጭኔ ላይ ዘርግቼ፣ አያሌው ከፍቶት የማያውቀውን የጨዋታውን ማውጫ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩ። ከዚያ ተጫወትኩ። አንድ ድስት ሽሮ አረረ። በሦስተኛው ቀን አንድ ጓጉንቸር ተከፈተ። ምን የመሰለ አወራወር መሰላችሁ! ሰውዬው ብድግ ይላል፣ አየር ላይ ጥቂት ያስባል፣ ከዚያ እጁን እንደ ሽመላ አንገት ቆልመም አድርጎ ይለቃታል። ቀየርኩለት። መጋረጃ የመቀየር ያህል ነው ያየሁት። ድንገት ደስ እንዲለውም ብዬ አልነገርኩትም።

ለካ ኳሷ እንድትገባ ጣት ከጆይስቲኩ ቁልፍ ላይ የሚነሣበት ቅጽበት በየአወራወሩ ይለያያል! የአያሌው ጣት የለመደችው የውሻውን ነው። ቅዳሜ ስመኘው መጣ፣ አያሌው ወረወረ፤ እንኳን ቅርጫቱን ሰሌዳውንም አላገኘ። ደገመ። ሠለሰ። ስመኘው «ምነው አንተ፣ ሰብል ትጠብቃለህ እንዴ? ወፉን ጨረስኸው እኮ!» አለው። አያሌው ዞሮ ሲያየኝ እኔ በኩራት፣ አወራወርህን አሳምሬልህ ነው አልኩ።

የመለሰልኝን ሁሉ አልጽፈውም። ከሚጻፈው መካከል፣ ፍሬንና ነዳጁን አቀያይረሽ የጉና ቁልቁለት ላይ እንደሰጠሽኝ ቁጠሪው አለኝ። ወደ ስመኘውም ዞሮ «እጄን ቆረጠችኝ» ብሎ ከሰሰኝ።

ከዚያ አኮረፈ። ሦስት ሳምንት! ራሱ እንዳይመልሰው ማውጫው በየት በኩል እንዳለ አያውቅም፤ እኔን እንዳይጠይቅ አኩርፏል። እኔስ ብሆን፣ ሦስት ቀን የለፋሁበት ስጦታ በእንግዳ ፊት ተሰድቦ ሳልለመን የምመልስ ይመስላችኋል? ስመኘውም እርቅ ሳይወርድ የእናንተን ደጅ አልረግጥም ብሎ ቀረ።

በመጨረሻ አያሌው የንስሐ አባታችንን መምሬ ጥሩነህን ይዟቸው መጣ። መምሬ አቋቋም፣ ማለትም የማኅሌቱን ዝማሜና ሽብሸባ ያስተምራሉ፤ ስለ ሰውነት እንቅስቃሴ የሚነግራቸው አይፈልጉም። ተቀመጡና «በሉ በደሉን አሳዩኝ» አሉ። ጓጉንቸሮቹን ሲያዩ ማን ቆለፋቸው ብለው ጠየቁ። ሰው ሳይለፋ እንዳያገኝ ሠሪዎቹ ናቸው የቆለፉት አልኳቸው። «ደግ መምህራን ናቸው» አሉ። «እኛስ ጾመ ድጓ ያልዘለቀውን መቼ ድጓ እናስይዛለን?» አዲሱን አወራወር አሳየኋቸው፤ ያምራል አሉ። አሮጌውን አሳየኋቸው። ደንገጥ ብለው «ምነው፣ ውሻ ገባ እንዴ?» አሉ።

ፍርዳቸው ግን ሌላ ሆነ። «ልጄ፣ ማማሩስ ያምራል፤ ዳሩ ሰው የለመደውን በአንድ ቀን አያስጥሉትም። መልሺለት። አንተም ስለ ስድብህ ይቅርታ በላት። ከዛሬ ወዲያ ማንም እንዳይነካካው!»

ልመልስለት ማውጫውን ስከፍት የግጥሚያዎቹን መዝገብ አየሁት። ሰውዬው ለካ እኔ ገበያ በወጣሁ ቁጥር በሩን ዘግቶ ብቻውን ሲጫወት ከርሟል። መጀመሪያ ሽንፈት፣ ሽንፈት፣ ሽንፈት። ከዚያ አንድ ድል። ከዚያ እስከ ትናንት ድረስ ድል በድል፤ ያውም በሽመላው አወራወር! ቀና ብዬ አየሁት። እሱ ጣሪያ ያያል።

ታዲያ ልመልሰው? ብዬ በመምሬ ፊት ጠየቅኩት። ምን ይበል? ሦስት ሳምንት አኩርፎ፣ ካህን ከደጀ ሰላም አስነሥቶ፣ ለምጄዋለሁ ይበል? «እ... እንዳሉት ይሁን» አለ። መለስኩለት። ይቅርታም አለኝ። መምሬ መርቀውን ሄዱ።

ቅዳሜ ስመኘው እርቁ ደስ ብሎት መጣ። አያሌው በአሮጌው ወረወረ። ጣቱ አሮጌውን ረስታለች። ውጤቱን አልናገርም፤ ስመኘው ግን ወደ መጨረሻው ላይ ከማዘኑ የተነሣ ተጫዋቹን አቁሞ ያስወረውረው ነበር።

እንግዳው እንደወጣ አያሌው አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። ከተጋባን ጀምሮ ሰምቼው በማላውቀው ለስላሳ ድምፅ «አንቺ፣ እስቲ ያንን የሽመላውን መልሺልኝ» አለኝ። እኔ የንስሐ አባቴን ቃል አልሽርም፣ ማንም እንዳይነካካው ብለዋል፣ ከፈለግህ ሄደህ አስፈቅድ አልኩት።

ሄደ። መምሬ ለእሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቀጥረውናል። ከሳሹ አያሌው ነው፤ ተከሳሹም አያሌው ነው። እኔ ከመምሬ ጎን በሽማግሌነት እቀመጣለሁ።