የመሠረት ድንጋዩ የመጀመሪያ ምርት

ይህ ጽሑፍ የሚያወድሰው በድብ ባሕር የተቋቋመውን የጦር መሣሪያ መለዋወጫ ፋብሪካ ነው። ፋብሪካው ለጊዜው ድንጋይ ነው። ሸጋ ድንጋይ ነው ታዲያ፤ የኃላፊያችን የአቶ ሰውአገኝ ስም በትልቁ ተቀርጾበታል። ከተጣለ ሦስት ዓመቱ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ ድንጋይም ፋብሪካ ይሆናል። እኔም የፋብሪካው ጽሕፈት ቤት ሪፖርት ጸሐፊ ነኝና በየሩብ ዓመቱ "ድንጋዩ በመልካም ሁኔታ ላይ ይገኛል" እያልኩ እጽፋለሁ።

ዘንድሮ ከበላይ "ሀገር በቀል ዕውቀትን ተጠቀሙ" የሚል ደብዳቤ መጣ። እዚህ አካባቢ ብረት የሚቀጠቅጡት አያ ቢያዝን ብቻ ናቸው። የጽሕፈት ቤታችን ኮሚቴ ወዲያው ተጠቀመባቸው፦ ወናፋቸውንና መዶሻቸውን ለጥናት ወሰደ፤ ብረት የሚቀጠቅጡበትን መስፍ ለምርመራ ጎንደር ላከ። እናኑ የምትባል ባሏ የሞተባት ገበሬ ልታስል የሰጠቻቸው ማረሻም አብሮ ተወሰደ።

እናኑ ቢሮ መጣች።

"ምነው ማረሻዬን? ሰኔ ገባ እኮ። መሬቴ ጦሙን ካደረ ልጆቼን ምን ላብላ?"

"በጥናት ላይ ነው።"

"ማረሻ ምኑ ይጠናል?"

"ምስጢር ነው" አልኳት። እውነቴን ነው፤ ኮሚቴውም አያውቀውም።

በሳምንቱ ከበላይ እንግዳ መጡ። ድንጋዩ አጠገብ ጠረጴዛ ተዘርግቶ፣ ማረሻው "የመሣሪያ ክፍል ናሙና" የሚል ወረቀት ተለጥፎበት ቀረበ። ሕዝቡም ተጠርቷል።

"የምኑ ክፍል ነው?" አሉ እንግዳው።

"ምስጢር ነው" አሉ አቶ ሰውአገኝ።

"ጎሽ። እስቲ ሲመረት እንየው።"

ኃላፊያችን ለጥናት የተወሰዱትን ወናፍና መዶሻ በጥድፊያ አስመጡ። አያ ቢያዝን ተጠሩ፤ ከሰሉን በወናፍ አናፍተው ማረሻውን አጋሉትና ዞር ዞር ብለው አዩ።

"መስፌስ?"

"ላቦራቶሪ ነው" አልኩ።

"እንግዲያ ይሄም ይሆናል" ብለው የጋለውን ብረት ድንጋዩ ላይ፣ ልክ የኃላፊያችን ስም ላይ አሳርፈው በመዶሻ ወረዱበት። ከ"አቶ" በቀር ፊደሉ ሁሉ ረገፈ።

ማረሻው ሲበርድ እናኑ ከሰው መሐል ወጥታ አነሳችው። "እጅዎ ይባረክ፣ አያ ቢያዝን" ብላ ወደ ማሳዋ ወረደች። እንግዳው አጨበጨቡ፤ እኛም ተከተልን።

በሪፖርቴ ላይ "ፋብሪካው የመጀመሪያ ምርቱን ለተጠቃሚ አስረክቧል" ብዬ ጻፍኩ። ኮሚቴውም በአስቸኳይ ተሰብስቦ ሌላ የመሠረት ድንጋይ እንዲጣል ወሰነ። የአሁኑ ግን ሥራ የማይሠራበት ለስላሳ ድንጋይ እንዲሆን በቃለ ጉባኤ ተይዟል።