መነጽር ሠሪው ከአሥር ወደ ሰባት እንደ ወረደ

የፊተኛው አምፕሊፋየር ጢሱን አውጥቶ ካረፈ በኋላ፣ ሁለተኛው አምፕሊፋየር በልብስ እጥበት ቤቱ ጓዳ በነገሠ በአራተኛው ዓመት፣ ኃያለ አውታር፣ ጸዋሬ ጊታር፣ መምህረ ጩኸት፣ ጣቱ ከዓይን የሚቀድም፣ በሥራ ቀን መነጽር ሠሪ በቅዳሜ ግን አባ ነጎድጓድ የተባለው ጀግና የሠራውን፣ ከእርሱ በፊት የጊታር ሰው ያልሠራውን፣ ከእርሱም በኋላ ይሠራዋል ተብሎ የማይጠበቀውን ሥራ እንጽፋለን። ይኸውም የገዛ ድምፁን ዝቅ ማድረጉ ነው። ይህን የሚያነብ ጊታር ተጫዋች ቢኖር «ወሬ ነው» ብሎ እንደሚያልፈው አናጣውም፤ እኛ ግን የጻፍነው ያየነውን ነው፤ የሰማነውን ነው እንዳንል በዚያ ዘመን ጆሯችን ብዙም አይሰማም ነበር።

ለዚህ ጀግና ከልጅነቱ የማይለየው ባልንጀራ ነበረው፤ እርሱም በሥራ ቀን ሊፍት ጠጋኝ በቅዳሜ አባ መብረቅ፣ በጣሴ ክር፣ ነሣኤ እንቅልፍ ነው። ሁለቱ በአንድ ዴስክ ተምረው፣ በአንድ ጉንፋን ታመው፣ ሁለት ጊታር መግዣ ባጡበት ጊዜም በአንድ አሮጌ ጊታር ላይ አንዱ አንገቱን ይዞ ሌላው ክሩን እየመታ፣ ባለ አራት እጅ አንድ ሰው መስለው ያደጉ ናቸው። በኋላም የየራሳቸውን በያዙ ጊዜ አንዱ በቀኝ አንዱ በግራ ቆመ፤ የሚያውቃቸውም ሁሉ አንዱን ያለ ሌላው አይጠራም ነበር። መነጽር ሠሪው ባልንጀራውን እንደ ነፍሱ ይወደው ነበር፤ ነግሮት ግን አያውቅም። ሁለቱ የሚነጋገሩት በጊታር ነበርና፣ ጊታሩ በተቀመጠ ጊዜ ወሬያቸው ከአየሩ መክበድና ከታክሲ መጥፋት አያልፍም ነበር።

ከእነርሱ ጋር የዘመቱት እነዚህ ናቸው፤ በድራሙ ዙፋን የሊፍት ጠጋኙ ታላቅ እህት፣ እመቤተ ሳሙና፣ የልብስ እጥበት ቤቱ ባለቤት፣ ብርድ ልብስ ስትጨምቅ ክንዷ የበረታ፤ በማይክራፎኑ ፊት ዘፋኙ፣ በሥራ ቀን መድኃኒት ሻጭ፣ የአንገቱ ሥር ሲገተር አይተን እየዘፈነ ነው እንላለን እንጂ ድምፁን የሰማ ሰው ያልተገኘ፤ በመተኮሻው ጠረጴዛ አጠገብ ቤዝ ተጫዋቹ፣ በሥራ ቀን ቀለም ቀቢ፣ ረጅም፣ ጭምት፣ ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን የሚነቀንቅ፤ ከእነዚህም በኋላ በፕላስተር የታሰሩ ኤክስቴንሽኖች፣ አንድ እግሩ የጎደለ የማይክ ማቆሚያ፣ ባለቤቶቻቸው ይቅሩ ይምጡ ያልታወቀ ኮቶች፣ በየመስቀያቸውም የተሰለፉ የደንበኛ ሸሚዞች፣ አንገታቸው ቀና፣ እጅጌያቸው ዝቅ ያለ፣ እንደ ክብር ዘብ።

የጦርነቱም መነሻ ይህ ነው። በዘመነ ፊተኛው አምፕሊፋየር፣ ሁለቱ ጊታሮች በአንዱ አምፕሊፋየር ላይ በየቁልፋቸው ሲጫወቱ፣ የሁለቱም ቮልዩም አራት ላይ ሳለ ሰላም ነበረ። አንድ ቅዳሜ ሊፍት ጠጋኙ «እኔ ራሴን አልሰማም!» ብሎ አወጀና ወደ አምስት ወጣ። መነጽር ሠሪውም ይህን ባየ ጊዜ ተቆጥቶ «እኔስ ሰው አይደለሁም? እኔም ራሴን ልስማ እንጂ!» ብሎ አወጀና ስድስትን ያዘ፤ ያኛውም ሰባትን ወረረ፤ ይህኛውም ስምንትን ከበበ፤ እንዲህ ሲፎካከሩ ሁለቱም አሥር ደረሱ፤ ከአሥር በላይ ቁጥር አልተጻፈምና በዚያው ሰፈሩ። የፊተኛው አምፕሊፋየር የወደቀው በዚሁ ዘመቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ሸሚዞቹ በጩኸቱ እየተንቀጠቀጡ፣ በብረቱ ላይ ቀስ በቀስ ወደ በሩ የሚሄዱ ሆኑ፤ ከላይ ያሉት ጎረቤትም ወለሉን በመጥረጊያ እንጨት እየደበደቡ የበኩላቸውን አዋጅ ያሰሙ ነበር፤ ሁለቱ ጀግኖች ግን ድራሙ ዛሬ በረታ ይሉ ነበር።

ከዘፈኖቻቸው ሁሉ የከበረው፣ አሥር ላይ ከሰፈሩ በኋላ ራሳቸው የደረሱት፣ መንታ ዜማ የሚሉት ክፍል ነበረ፤ በዚያ ስፍራ ሁለቱ ጊታሮች ፊት ለፊት ይገናኙና አንዱ ከላይ ሌላው ከሥሩ ሆነው፣ ሳይቀዳደሙ፣ እስከ መጨረሻው አብረው ይሄዳሉ። መነጽር ሠሪው የላይኛውን ይጫወት ነበር። የታችኛው የባልንጀራው እንደ ሆነ ግልጽ ስለ ነበር አንድም ቀን ጠይቆት አያውቅም፤ ያን ዝቅተኛ ቦታ ያለ አንዳች ቅሬታ መያዙን እያየም በልቡ «ጨዋ ሰው ነው» እያለ ያደንቀው ነበር።

ታዲያ በአንድ ቅዳሜ መንታ ዜማው በተጋጋለ ጊዜ፣ ሳይጠፋ የቀረ ካውያ እየተንቀጠቀጠ ከመተኮሻው ጠረጴዛ ዳር ድረስ ተራመደና ሊሞሸር የተዘጋጀ አንድ ደንበኛ ነጭ ሱሪ ላይ ተኛ። ይህን ያየው ዘፋኙ ብቻ ነበር፤ እጁን እያወናጨፈ፣ ዓይኑ እስኪፈጥ ጮኸ፤ ባልንጀሮቹም ዛሬስ እንዴት ያለ ስሜት ወረደበት ብለው አደነቁት። ሽታው በደረሰ ጊዜ ሱሪው ከጉልበቱ በላይ የካውያ ቅርጽ ይዞ ቀርቶ ነበር። ያን ጊዜ እመቤተ ሳሙና በዙፋኗ ላይ ቆማ፣ ሁለቱን በትር ከፍ አድርጋ፣ ይህን አዋጅ ነገረች፦

«እናንተ ሁለት ጉዶች፣ ስሙኝ! ሰውየው ነገ ሊያገባ ነው፤ ምን ልለው ነው? ሱሪህ ጊታር ሲሰማ አረፈ ልበለው? እኔ ራሴ ከደነቆርኩ ቆየሁ፤ ደንበኛ ሲያናግረኝ ከንፈር ከንፈሩን ነው የማየው። በመጪው ቅዳሜ ከሁለት አንዳችሁ ካልቀነሰ ድራሜን እጠቀልላለሁ፣ በሩንም እቆልፋለሁ፤ ወንድምሽ ነኝ፣ አብሮ አደጉ ነኝ የሚል ወሬ አልሰማም። ማን ይቀንስ ደግሞ እንዳትሉኝ፤ የፈለገ ይቀንስ!»

ሊፍት ጠጋኙ ጣራውን አየ፤ መነጽር ሠሪው ወለሉን አየ፤ የፈለገም አልተገኘም።

በዚያ ሳምንት መነጽር ሠሪው በሱቁ ተቀምጦ እህል አልወርድለት አለ፤ የአንዷን ደንበኛ የቀኝ መስታወት በግራ፣ የግራውን በቀኝ ገጥሞ ሰጥቷት፣ ሴትዮዋ ከበሩ ሳትወጣ ከማስታወቂያው ሰሌዳ ጋር ተላተመች። ጓዳው ቢዘጋ ጊታሩን ቤቱ ይጫወታል፤ ይህ አላስጨነቀውም። የፈራው ሌላ ነው፤ ጓዳው ከተዘጋ ባልንጀራውን በምን ሰበብ ያገኘዋል? በመንገድ ተገጣጥመው፣ እንዴት ነህ ደህና ነህ ተባብለው፣ ስለ አየሩ አንድ ሁለት ቃል ተናግረው፣ እንደዋወላለን ብለው ሊለያዩ፣ ሳይደዋወሉም ሊያረጁ ነው። ይህን ባሰበ ጊዜ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፣ መስታወቱ ግን ንጹሕ ነበር። ነገር ግን በጊታር ሰዎች ሕግ ቀድሞ የቀነሰ የተሸነፈ ነው፤ በዚህም ምክንያት ልቡ ለሁለት ተከፍሎ ሰነበተ።

ቅዳሜም ደረሰ። ሠራዊቱ በተሰበሰበ ጊዜ፣ እህትየው ቁልፏን በጣቷ እያሽከረከረች ሳለ፣ አባ ነጎድጓድ ጊታሩን በጀርባው አዙሮ፣ ነጠላ ጫማውን አስተካክሎ፣ ወደ አምፕሊፋየሩ ዘመተ። ቅርብ ነበር፤ እርሱ ግን አርቆ ሄደው። የቮልዩሙንም ቁልፍ በያዘ ጊዜ ቁልፉ እንቢ አለ፤ አቧራና የሳሙና እንፋሎት ከአሥር ጋር አጣብቀውት ነበርና። በጣቱ ታገለው፤ አልቻለም። በመሐረብ ጠምጥሞ ታገለው፤ አልቻለም። ከደረት ኪሱ የመነጽር ብሎን መፍቻውን አወጣ፣ ዙሪያውን ፋቀ፣ የመስታወት ማጽጃም ረጨበት፤ ጥርሱን ነክሶ ባዞረው ጊዜ ቁልፉ ቀጭ ብሎ ተነቀለና በእጁ ቀረ፤ ሠራዊቱም ሁሉ አለቀልን አለ። እርሱ ግን ወደ ኋላ አላለም፤ የተራቆተውን ዘንግ በመነጽር ፒንሳው ቆንጥጦ ያዘ፣ ትንፋሹንም ዋጠ፤ ዘጠኝ ወደቀ፣ ስምንት እጁን ሰጠ፣ በሰባትም በር ላይ ቆመ። ላቡንም ጠርጎ እንዲህ ሲል አወጀ፦ «በቃ፣ ቀንሻለሁ! አልታመምኩም፣ አላበድኩም፣ ማንም አላስገደደኝም! ዝም ብዬ ነው!»

ሊፍት ጠጋኙም ይህን ባየ ጊዜ ፊቱ ተለዋወጠ፤ «እሱ ቀንሶ እኔ አሥር ላይ ተገትሬ ልቀር ነው? ምን ዓይነት ሰው ነው ልትሉኝ ነው?» ብሎ አወጀና፣ ዘይት ከኪሱ የማይጠፋ ሰው ነበርና፣ አንድ ጠብታ ጠብ አድርጎ ያለ ውጊያ ሰባት ወረደ።

መጫወትም በጀመሩ ጊዜ በዚያ ጓዳ ብዙ ምስጢር ተገለጠ። የዘፋኙ ድምፅ ተሰማ፤ ለካ ግጥሙ ከጠፋበት ብዙ ዘመን ሆኖታል፣ የሳል ሽሮፕና የጨጓራ ክኒን ስም እየደረደረ ኖሯል። የቤዝ ተጫዋቹም ተሰማ፤ የሚጫወተው ፈጽሞ ሌላ ዘፈን ነበር። ሁሉ ቆመው ባዩት ጊዜ ያ ጭምት ሰው በዓመታት የመጀመሪያ አዋጁን ነገረ፦ «ምን ታዩኛላችሁ? የሚሰማኝ የለም ብዬ የራሴን ጉዳይ ስጫወት ነበር። ሰው እንደ ግንድ ዝም ብሎ ይቆማል እንዴ?»

መንታ ዜማው በደረሰ ጊዜ ግን መነጽር ሠሪው የባልንጀራውን ጊታር ሰማ። ወደ አሥር ከወጡ ወዲህ አጥርቶ ሲሰማው ይህ የመጀመሪያው ነው፤ ደስ ሊለው ሲል ደነገጠ። ባልንጀራው የሚጫወተው የላይኛውን ነበር፤ አንዲት ድምፅ ሳትጎድል፣ መጨረሻው ላይ የራሱ የመነጽር ሠሪው ጣት የምትንሸራተትባት ስሕተት እንኳ ሳትቀር። የታችኛው ዜማ በዚያ ሁሉ ዘመን ሰው አልነበረበትም። መጀመሪያ «ሌባ!» ሊል አፉን ከፈተ፤ ቀጥሎም ይህ ሰው ስለ እኔ ስንት ዘመን «ጨዋ ሰው ነው» ሲል ኖሮ ይሆን ብሎ አሰበና አፉን ዘጋ። ቢናገር ማን ወደ ታች ይውረድ የሚል ጥያቄ ይነሣል፤ ስንት ሰዎች የተለያዩት በዚህ ጥያቄ ነው። የባልንጀራውም ፊት እንደ ገረጣ አየ፤ ከአሥር ሙቀት ወደ ሰባት በመውረዱ የበረደው ነው ብሎም ተረጎመው። ስለዚህ ራሴን አሞኛል ብሎ ቶሎ ተሰናበተ፤ ሊፍት ጠጋኙም እኔንም ትንሽ አሞኛል አለ።

ከዚያ በኋላ መነጽር ሠሪው የሱቁን መጋረጃ እየጋረደ፣ በፍሬሞቹ መካከል ተቀምጦ፣ የታችኛውን ዜማ ይማር ጀመር። መውረድ ከመውጣት ይልቅ ከባድ ሆነበት፤ ጣቶቹ በልማድ ወደ ላይ ይሸሹ ነበርና እየያዘ ይመልሳቸው ነበር። ሚስቱ ምሳ ይዛለት በመጣች ጊዜ በሩ ላይ ቆማ «አንተ ሰውዬ፣ ይሄን ዘፈን በሠርጋችንም ስትጫወተው ነበር እኮ! ዛሬ ምን ነክቶህ ነው እንደ ጀማሪ የምትንተባተበው?» ብላ አወጀች፤ እርሱም ምሳውን ተቀብሎ እንደገና ከታች ጀመረ።

ሁለተኛውም ቅዳሜ በደረሰ ጊዜ ሠራዊቱ ተሰለፈ፣ ድራሙ ተመታ፣ ቤዝ ተጫዋቹም እየደበረው ወደ ጋራው ዘፈን ተመለሰ። መንታ ዜማው ሲቃረብ አባ ነጎድጓድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ የላይኛውን ዙፋን ለባልንጀራው ለቅቆ፣ ወደ ታች ወረደ። ከሥርም ሆኖ የባልንጀራውን ድምፅ ከላይ ጠበቀ። ከላይ የመጣ የለም። ከጎኑ ግን፣ እዚያው ታች፣ አንድ ጊታር እንደ እርሱው እየተንተባተበ ሲሄድ ሰማ። ዓይኑን ገለጠ፤ ሊፍት ጠጋኙም ያን ጊዜ ዓይኑን ገለጠ። ሁለቱም እጃቸውን ከክሩ አነሡ፤ በጓዳውም የውኃ ቧንቧው ሲያንጠባጥብ ይሰማ ነበር።

ሊፍት ጠጋኙ ወደ ሠራዊቱ ዞሮ አወጀ፦ «ሁላችሁም መስክሩ! የላይኛው የእሱ ነው! እኔ ሳምንቱን ሙሉ ሊፍት ጣራ ላይ ቁጭ ብዬ የታችኛውን ያጠናሁት እሱ ከላይ ይሁን ብዬ ነው። አሁን ማን ውረድ አለው?» መነጽር ሠሪውም አወጀ፦ «በፍጹም! እኔ ከታች ንቅንቅ አልልም! የላይኛውን እሱ ካልወሰደ ዛሬ እንጣላለን!» ከዚህም በኋላ ከቀድሞው የባሰ ጦርነት ተነሣ፤ አንዱ «በሞቴ» አለ፣ ሌላው «በእኔ ሞት» አለ፤ በአንድ በር ላይ አንተ እለፍ አንተ እለፍ ተባብለው ኋላ የመጣውን ሁሉ እንደሚያቆሙ ሰዎች፣ አንዱ አንዱን ወደ ላይ እየገፋ ሁለቱም ከታች ቀሩ። እህትየው ከሳቋ የተነሣ በትሮቿ ከእጇ ወደቁ፤ እንባዋንም በደንበኛ ፎጣ ጠርጋ የመጨረሻውን አዋጅ ነገረች፦ «ተዉት በቃ! ሁለታችሁም እዚያው ሁኑ! ጓዳው ክፍት ነው፤ አንድም ቀን አልዘጋውም!»

የጊታር ጥንዶች በዓለም ብዙ ተነሥተዋል። በፍጥነት ድል የነሡ አሉ፤ በፀጉር ያሸነፉ አሉ፤ በየግል መኪና እየመጡ በመድረክ ላይ ብቻ የተያዩ አሉ፤ ማን ከፊት ይቁም ሲባባሉ ተለያይተው እስከ ዛሬ ያልተነጋገሩ አሉ። ለታችኛው ቦታ የተጣላ ጥንድ ግን አላገኘንም። የላይኛው ዜማ አሁን ባለቤት የለውም፤ መንታ ዜማው በደረሰ ቁጥር ሁለቱ ከሥር ሆነው ይጫወታሉ፣ የሚሰማቸውም ሰው የጎደለውን በልቡ እያዜመ ይሞላዋል። እንግዲህ ክብር ለመነጽር ሠሪው፣ መናኔ አሥር፣ ነዋሬ ሰባት፣ መዋኤ ርእሱ፣ ዙፋኑን ለወዳጁ ትቶ ለወጣው ለአባ ነጎድጓድ ይሁን፤ ወዳጁም ለእርሱ ትቶ ወጥቶ ነበርና፣ ደጅ ላይ ተገናኙ።