አጨብጫቢው ጎረቤቴና የነዳጁ ቱቦ

በየስብሰባው ከሁሉ ቀድሞ የሚያጨበጭብ ሰው አታውቁም? እኛ አሶሳዎች ጋሽ ይመር አሉን። በሰፈራ ዘመን ከወሎ የመጡ ጎረቤቴ ናቸው፤ ተናጋሪው ቢያስነጥስ እንኳ ያጨበጭባሉ።

ባለፈው ሳምንት አንድ እንግዳ ባለሥልጣን አዳራሽ ሰበሰቡንና፣ አገር አቋርጦ ስለሚያልፍ የውጭ ኩባንያ የነዳጅ ቱቦ አስረዱን።

«ኩባንያው ገንዘብ አጥሮታል። ለካማሺ መንገድ የተያዘው በጀት ለጊዜው ቱቦውን ይደግፍ። ትስማማላችሁ?»

ጋሽ ይመር ብድግ አሉ። እኛም ጭብጨባውን ልናጅብ እጃችንን አዘጋጀን።

«ጌታዬ፣ ለጉባው ግድብ ያለንን የሰጠነው የራሳችን ስለሆነ ነው» አሉ። «ይሄ ቱቦ ግን የነጋዴ ነው፤ ትርፉን የሚበላ ወጪውንም ይቻል። ከካማሺ ዛሬም ወላድ በቃሬዛ ነው የምትወጣው። እኔ አልስማማም!»

ከኋላ የቅመም ነጋዴዋ ሐጃ አሚና «ወላሂ እኔም!» አሉ። ከዚያ ወዲያ ማን ይቀመጣል? ሁላችንም ተነሣን። እንግዳውም «እሺ፣ የመንገዱ በጀት አይነካም» ብለው ሻንጣቸውን አነሡ።

ስንወጣ ጋሽ ይመር በየእርምጃው ወደ ኋላ ዞረው ያዩ ነበር። ክንዳቸውን ይዤ «ፈሩ እንዴ?» አልኳቸው።

«በጣም እንጂ! ግን ሰማኸኝ? እምቢ ስል ድምፄ እንዴት ያምራል!»