ሳተላይቱን ያሳበዱ አሻጋሪዎች

ደግ ሰው በበዛበት ሰፈር ሶፍትዌር መሥራት አበሳ ነው። እውነቴን ነው፤ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ብትኖሩ ይገባችሁ ነበር። በራችሁ ላይ ቆማችሁ አንዴ ብታስነጥሱ ዝንጅብል ይዞ ከተፍ የሚል ጎረቤት አለን።

የምሠራው ለዓይነ ስውራን የስልክ አፕ ነው። ስልካቸው ላይ ስክሪን ሪደር የሚባል አለ፤ የተጻፈውን በድምፅ ያነብላቸዋል። የእኔ አፕ ደግሞ ያሉበትን ቦታ በጂፒኤስ ያውቅና «ሃያ እርምጃ ሽቅብ፣ ከዚያ በወፍጮ ቤቱ በኩል ወደ ግራ» እያለ ይመራቸዋል። የመንገድ ስም አልጠቀምም፤ እዚህ ማን ያውቀውና?

የመጀመሪያዋ ሞካሪዬ ራሕመት ናት። የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ፣ የታሪክ አስተማሪ፣ ምላሷ ምላጭ። ዳገቱ ላይ ያለ ትምህርት ቤት ቀጠራት። ርዕሰ መምህሯ፣ ትልቅ ሴት ናቸው፣ ዓይኗ እንደማያይ ሲያውቁ በየቀኑ ማን ያመጣሻል አሏት። ብቻዬን እመጣለሁ አለች። ሥራ ልትጀምር ሦስት ሳምንት ቀርቷታል። የመጀመሪያ ቀን በሰው እጅ ተመርቼ ከገባሁ እስከ ጡረታዬ ያቺ የምትመራዋ እየተባልኩ ልኖር ነው ብላ ጨነቃት። እኔም ጨነቀኝ።

ሙከራ ጀመርን። እሷ ትሄዳለች፤ እኔ ቁጭ ብዬ የሄደችበትን መስመር በኮምፒውተር አያለሁ። ጉድ ነው! ወፍጮ ቤቱ ጋ ስትደርስ መስመሩ አስፋልቱን ይሻገራል። ይመለሳል። ደግሞ ይሻገራል። ሳተላይቱ አብዷል ብዬ ደመደምኩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ኮድ ስጽፍ፣ ስሰርዝ፣ እንጦጦን ስረግም ከረምኩ፤ ሲግናሉን የጋረደው ተራራው መስሎኝ።

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ይባል የለ? አንድ ጠዋት ሳልነግራት ከኋላ ከኋላ ተከተልኳት። ወፍጮ ቤቱ ጋ ቆመች፤ ስልኳን በጆሮ ማዳመጫ ልትሰማ። ጋቢ የለበሱ አንድ አባት አዩዋትና ክንዷን ይዘው አሻገሯት። መርቀዋት ሄዱ። ልትመለስ ዞር ስትል አንዲት ሽንኩርት ሻጭ ብድግ ብላ መልሳ አሻገረቻት። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት! ደሜ ፈላ። ላድናት ሮጬ ክንዷን ያዝኩ። ልብ ስል እኔም አሻግሬያታለሁ።

ለምን አልነገርሽኝም ብዬ ተቆጣሁ። ይሄ ደግሞ ይነገራል እንዴ፣ የየቀን ነገር ነው፣ በዘነበ ቁጥር እደውልልሃለሁ እንዴ አለችኝ።

ለደግነት ኮድ አይጻፍለትም። ያደረግኩት ነገር ቢኖር ጆሮ ማዳመጫውን ማስወለቅ ነው። ስልኩ ጮክ ብሎ ይናገር፤ ሰዉም መንገዷን እንደምታውቅ ይስማ።

ሥራ የምትጀምርበት ሰኞ ደረሰ። እንዳልከተላት አስምላኝ ነበር። ምን ላድርግ፣ ልቤ አልቻለም፣ ተከተልኩ። ወፍጮ ቤቱ ጋ ቆመች። ስልኩ ለፈለፈ። ክንዷን የሚይዝ ጠፋ! በደስታ ልዘል ምንም አልቀረኝ። ታዲያ ልጇን ልታስመዘግብ የመጣች አንዲት እናት፣ ስልኩ የትምህርት ቤቱን ስም ሲጠራ ሰማችና ከራሕመት ኋላ ገባች። ቀጥሎ ወደዚያው ዕቃ የሚያደርስ ሞተረኛ፣ ሞተሩን እየገፋ። ቀጥሎ ለትምህርት ቤቱ ጠረጴዛ የተሸከሙ ሁለት ሰዎች። ከጠረጴዛው ጀርባ ደግሞ እኔ፣ አጎንብሼ።

ርዕሰ መምህሯ በሩ ላይ ቆመው ጉዱን ያያሉ። ብቻዬን እመጣለሁ አላልሽም ወይ፣ ይሄ ሁሉ አጃቢ ምንድን ነው አሏት።

ራሕመት ወደ ኋላ ዞር ብላ ኮቴውን አዳመጠች። ሳቋን እንደ ምንም ዋጠችው።

«መንገድ ጠፍቷቸው ነው» አለች። «እኔ ነኝ ያመጣኋቸው።»